ቁንጫ ጭነት አልለቅ ስትል፦ የትንሿ የህዋ ጎታች ችግርና መፍትሄ

ቁንጫ ትንሽ ናት። ምህዋር ላይ የጭነት ሳጥን ትቀበላለች፣ ትጎትታለች፣ ሌላ ምህዋር ላይ አድርሳ ትመለሳለች። አዳማ ያለው ጋራዣችን ከመምጠቋ በፊት ይፈትሻታል። ላይ ሆና ስታስቸግርም የሚደወለው ለእኛው ነው። ባትሪውን፣ ፊውዙን፣ የአንቴናውን ገመድ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ያላየ ካለ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ገፊ ሞተሩ ሲነሳ ይንገጫገጫል፣ ወይም ጉልበት ያንሰዋል፦ ማሞቂያው ሳይበራ ነዳጅ ለቃችሁበታል። ነዳጁ፣ ማለትም ሃይድራዚን፣ ጉልበት የሚሰጠው ኢሪዲየም የሚባል ብረት በለበሰው ጠጠር መሃል ሲያልፍ ነው። ጠጠሩ ከቀዘቀዘ ግፊቱ ይዘላል፣ ጠጠሩም እየተሰባበረ ዱቄት ይሆናል። የደቀቀ ጠጠር ደግሞ መድኃኒት የለውም። አስቀድማችሁ አሙቁ። «ቸኩለን ነው» አትበሉኝ።

ነዳጁ ጭራሽ አይመጣም፦ ሃይድራዚን 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ቧንቧውን ከመሃል እንዳታሞቁት! ሲረጋ ይኮማተራል፣ ሲቀልጥ ይሰፋል። መውጫ ካጣ ቧንቧውን ይቀደዋል። ከታንኩ በኩል ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ሞተሩ ሂዱ። ምድር ላይ ስትሠሩ ደግሞ የአሞኒያ ዓይነት ሽታ ከሸተታችሁ ዘግይታችኋል፤ ጉዳቱ ከሽታው ይቀድማል። ያለ ጭምብልና ያለ ጓንት ታንክ አጠገብ የሚቆም ሰው እኔ ግቢ አይግባ።

ባትሪው ይሞላል ግን ቶሎ ያልቃል፦ ሊቲየሙን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አድርጋችሁታል። ቀይሩት።

ቁንጫ በኮከብ አቅጣጫዋን የምትለይበት የኮከብ ካሜራ ኮከብ አላየሁም ይላል፦ አቧራ ነው። የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ ካያችሁ የሌንሱን ክዳን አትክፈቱ።

አሁን ወደ ዋናው።

ጥፍሩ አልለቅ ሲል

የቁንጫ መያዣ ሦስት ጥፍር አለው። ልቀቅ ሲባል ሁለቱ ይከፈታሉ፣ አንዱ እንደነከሰ ይቀራል። ሳጥኑ ያዘነብላል። ተቆጣጣሪው ይደነግጥና ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል። ከዚያ የእኔ ስልክ ይጮኻል። ከሚደወልልኝ አብዛኛው ይኸው ነው።

መጀመሪያ እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱ። እዚያ አየር የለም፤ የጥፍሩን ሞተር የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። ተጭናችሁ ከያዛችሁት የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል፣ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ቀጥሎ አምፔሩን አንብቡ። ዜሮ ከሆነ መስመር ተቋርጧል። እንደወትሮው ሆኖ ጥፍሩ ካልተንቀሳቀሰ ጥርሱ ወይም ዘንጉ ተሰብሯል፤ እምብዛም አያጋጥምም። ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ከቆመ ግን የጥፍሩ ፒን ተይዞ ነው።

ፒኑ ቲታኒየም ነው፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ላዩ ላይ ስስ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ሽፋን አለው። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ነው፤ ደረቅ ቅባት። ተራ ግራሶ ህዋ ላይ አይሆንም። እየተነነ ያልቅና ሌንስ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ስለዚህ ያላችሁ ይቺ ስስ ሽፋን ብቻ ናት። እሷ ከተላጠች ብረት ከብረት ይገናኛል። ምድር ላይ የተላጠን ብረት አየሩ ወዲያው ኦክሳይድ የሚባል ስስ ልባስ ያለብሰዋል። እዚያ የሚያለብሰው የለም፤ ሁለቱ ብረቶች ያለ እሳት ይበየዳሉ።

ይህ በእኛ ቁንጫ የተጀመረ አይደለም። የናሳ መንኮራኩር ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ጁፒተር ተላከች። በ1991 ትልቁን አንቴናዋን ክፈቺ ስትባል እንደ ዣንጥላ መዘርጋት የነበረበት ነገር በአንድ ወገን ተይዞ ቀረ። መሐንዲሶቹ የደረሱበት ዋና ምክንያት የጭነት መኪና ነው። አንቴናው በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ መካከል በየብስ ሲመላለስ ንዝረቱ ከፒኖቹ ላይ ደረቁን ቅባት ጨርሶት ነበር። አንቴናው እስከ መጨረሻው አልተከፈተም፤ መረጃው ሁሉ በትንሿ አንቴና እየተንጠባጠበ መጣ። ያ እንግዲህ የአሜሪካ አስፋልት ነው። የእኛ ዕቃ ደግሞ ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ አድርጎ ነው አዳማ የሚገባው። ጥፍሩ እንደተቆለፈ ከተጫነ ፒኑ ያቺኑ አንድ ቦታ እየፈተገ ይመጣል። በባቡር አስመጡት። ካልሆነ ፒኖቹን አውጥታችሁ ለብቻ፣ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ላኩ።

እርጥበትም አለ። ሞሊብዲነሙ እርጥብ አየር አይወድም። ወደብ ላይ ኮንቴነር ውስጥ በዚያ ሙቀትና በባሕሩ እርጥበት ከከረመ ሽፋኑ ይበላሻል። ደህና ቢሆን እንኳ፣ አየር ላይ ሲንቀሳቀስ ከህዋው ይልቅ ቶሎ ይላጣል። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። አንድ ባለንብረት እንግዳ በመጣ ቁጥር ጥፍሩን ግቢው ውስጥ ይከፍትና ይዘጋ ነበር። እንግዳው ያጨበጭባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ቁንጫዋ ወጣች፤ ገና የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ነከሰች። ሰውየው «ምድር ላይ እኮ እንዴት ያለች ነበረች!» አለኝ። አዎ፣ ነበረች። ዕድሜዋን ለእንግዳ ጨረሳችሁታ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጠራጊው ነው። አንድ ሹፌር ዕቃ ሲያስረክበኝ ሳጥኑ የናፍጣ ሽታ አለው። ከፈትኩት፤ ፒኖቹ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃሉ። «ምን አደረግከው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጥላሸት ይዞት ነበር። ረዳቴ በናፍጣ አፀዳልዎት። ምንም አይደል፣ አይክፈሉን።»

ልጁ በደግነት ነው። በብረት ሱፍ ጭምር ነው የፈተገው። አሁን ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም፤ አትንኩ» ብለን በአማርኛም በኦሮምኛም እንጽፋለን። ያም ሆኖ የሚጠርግ አይጠፋም።

ላይ ከነከሰ ምን ይደረጋል?

ከምንም በፊት አውቶፓይለቱንና ገፊ ሞተሮቹን ዝጉ። ጥፍሩ ድንገት ሲለቅ ቁንጫ ትወዛወዛለች። አውቶፓይለቱ ላስተካክል ብሎ ሞተር ይተኩሳል፣ ጭሱ ደግሞ ደንበኛው ሳጥን ላይ ነው የሚያርፈው። ዝጉ ብያለሁ።

ከዚያ የነከሰውን ጥፍር ወደ ፀሐይ አዙሩት። ፒኑ የተቀመጠበት አቃፊ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከቲታኒየም ከእጥፍ በላይ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ላላ ይላል። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ አንድ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ እስከ 35 ደቂቃ የሚደርሰው የምድር ጥላ ነው። ከጥላ እንደወጣችሁ አትሞክሩ፤ ገና በረዶ ነው። ሲሞቅ ጠብቁ። ወደ ጥላው ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ የጥፍሩን ሞተር ለቅጽበት ወደፊት፣ ለቅጽበት ወደኋላ ነካ ነካ አድርጉት። አረፍ አድርጉት። ድገሙት። አምፔሩ ዝቅ ማለት ከጀመረ እየላላ ነው፤ ያኔ አትጎምጁ፣ በዚያው ነካ ነካ ቀጥሉ። ጋሊሊዮም ላይ ማሞቅና ማቀዝቀዙ፣ ሞተር መኮርኮሩም ተሞክሮ አልሠራም። ቁንጫ ላይ ግን ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይሠራል። የለቀቀውን ጥፍር ከዚያ በኋላ አትዝጉት። ሁለተኛ ላይለቅ ይችላል።

ምድር ላይ ከተያዘ መፍትሄው አንድ ነው፦ ፒን መቀየር። ሽፋኑ በጋራዥ ብሩሽ አይቀባም፤ አየሩ በወጣለት ማሽን ውስጥ፣ በቫኩም፣ ነው የሚለበጠው። «እኔ ቀብቼ አስተካክልልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ገበያ ላይ ደግሞ ርካሽ ፒን ገብቷል። መልኩ አንድ ነው፣ ክብደቱም ያው። ሽፋኑ ግን ግራፋይት ነው፤ የእርሳስ እምብርት ማለት ነው። ግራፋይት የሚያንሸራትተው ከአየሩ እርጥበት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩት ቅቤ ነው፣ ሻጩም ይህንኑ ያሳያችኋል። ቫኩም ውስጥ ሲገባ ግን ማንሸራተቱን ትቶ ይፍቃል። ይህን እያወቀ የሚሸጥ ነጋዴ ምን እንደሚባል ለእናንተ ልተው።

መለየት ከባድ አይደለም። ውስጡ ነጭ የሆነ የቡና ሲኒ አምጡ። የፒኑን የማይሠራውን ጫፍ፣ ማለትም የቡሎን ጭንቅላት የሚያርፍበትን፣ የሚያብረቀርቀው ሸክላ ላይ ጫን አድርጋችሁ አስምሩ። መስመሩን ወደ መስኮት ብርሃን አዙሩት። ሞሊብዲነም ከሆነ ግራጫው ውስጥ አረንጓዴ ነክ ቀለም ታያላችሁ። ግራፋይት ከሆነ እርሳስ የጫረው ጥቁር ግራጫ ነው፣ ሌላ ቀለም የለውም። በአምፖል ብርሃን አትፈርዱ፤ ያሳስታል። የሚሠራውን ፊት ደግሞ አታስምሩበት! ይህን ጽፌም የሚያሰምር አለ።

ትክክለኛው ፒን የሚመጣው በታሸገ ከረጢት፣ በደረቅ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ከረጢቱ ውስጥ እርጥበት የምታሳይ ትንሽ ወረቀት አለች። ሰማያዊ ከሆነች ግጠሙ። ሮዝ ከሆነች መልሱት፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።