ማየትም መስማትም ለተሳናቸው ልጆች መምህራንን እንዴት እናሠለጥናለን?

መጀመሪያ ሠልጣኞቹ ልጁን ይወቁት። ብዙ ሰው ፍጹም ጨለማና ፍጹም ጸጥታ ይመስለዋል። አብዛኞቹ ልጆች ግን የተረፈ ትንሽ እይታ ወይም መስማት አላቸው። ወደ ብርሃን ይዞራል? ከበሮ ሲመታ ይነቃል? የሐኪም ወረቀት ይህን ሁሉ አይነግራችሁም። ጥቂት ቀን ተቀምጠው እያዩ ይመዝግቡ።

ቀጥሎ ሰላምታ። ትከሻውን ቀስ ብሎ መንካት፣ ከዚያ ሁሌም አንድ ዓይነት መለያ ማስዳሰስ፤ ቀለበት ወይም ሰዓት። ሳይሰናበቱት አይሂዱ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እጅ። ሥራውን ስጀምር ማንኪያ አያያዝ ላሳየው ብዬ የአንድ ልጅ እጅ ከላይ ጨብጬ መራሁት። ቀናውም መሰለኝ። በሳምንቱ ገና ስነካው እጆቹን ብብቱ ውስጥ መደበቅ ጀመረ። እንደገና እስኪያምነኝ ወራት ፈጀ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። የእሱ እጅ ዓይኑም፣ ጆሮውም፣ አንደበቱም ነበር፤ እኔ ግን ጨብጬ ያዝኩት።

ስለዚህ የመምህሩ እጅ ከሥር ይሁን፣ የልጁ ከላይ። መምህሩ ይሠራል፤ ልጁ እየዳሰሰ ይከተላል፤ ሲፈልግ እጁን ያነሳል። ሠልጣኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጉ። አንዱ ዓይኑን ሸፍኖ ጆሮውን ይድፈን። ሌላው ጠርሙስ አከፋፈት ያሳየው፤ አንዴ ከላይ ይዞ፣ አንዴ ከሥር ሆኖ። ከ10 ደቂቃ አታስረዝሙት። ሲረዝም የሚተርፋቸው ፍርሃትና ማዘን ብቻ ነው።

ከዚያ መጠበቅ። ምልክት ከሰጡት በኋላ በልባቸው እስከ 10 ይቁጠሩ፤ ለአንዳንዱ ልጅ እሱም አይበቃም። አን ሱሊቫን የተባለች መምህርት በ1887 እ.ኤ.አ. ማየትም መስማትም የተሳናት የተማሪዋን የሄለን ኬለርን አንድ እጅ ከሚፈስ ውሃ ሥር አድርጋ በሌላው መዳፏ ላይ «ውሃ» የሚለውን ቃል በጣት ፊደል ስትነግራት ልጅቷ ገባት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ወር ሙሉ ቃላትን መዳፏ ላይ ስትደጋግምላት ነበር።

ለዕለቱ ፕሮግራም ጠቋሚ ዕቃ ተጠቀሙ፤ ፎጣ ለመታጠብ፣ ማንኪያ ለምግብ። ያለቀው ወደ «አለቀ» ሣጥን ይግባ። ለመኪና ጉዞ ብላችሁ ግን የፕላስቲክ መኪና አትግዙ። ለዓይን እንጂ ለእጅ መኪና አይደለም። ልጁ መኪና ውስጥ የሚዳስሰው የወንበሩን ቀበቶ ነው፤ ቁራጩን ስጡት።

በመጨረሻ ወላጅ አስፈቅዳችሁ ሠልጣኙ ከልጁ ጋር ሲሠራ 5 ደቂቃ በስልክ ቅረጹ። ድምፁን አጥፍታችሁ አብራችሁ እዩት። መምህሩን ትታችሁ የልጁን እጆች ተከተሉ። ከመምህሩ እጅ ተነስተው ወደ ምን ሄዱ? ነገ ትምህርቱን በዚያ ዕቃ ይጀምር።