ኢሜይላችሁ ስፓም ውስጥ እየገባ ከሆነ መጀመሪያ የዲኤንኤስ መዝገቡን እዩ

ዲኤንኤስ ዶሜይናችሁን የሚመለከቱ መዝገቦች የሚቀመጡበት ሥርዓት ነው። የሆስቲንግ ፓነሉ (ሆስቲንጋችሁን የምታስተዳድሩበት ገጽ) በራሱ የፈጠረውን መዝገብ ሳታዩ አትመኑት። አንዱ የተለመደ ስህተት ሁለት የኤስፒኤፍ (SPF፣ በዶሜይናችሁ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር) መዝገብ መኖሩ ነው፦ አንዱን ፓነሉ ጽፎታል፣ ሌላውን ጉግል ወርክስፔስ ስታስገቡ ለጥፋችሁታል። ለአንድ ዶሜይን የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሲያገኝ ተቀባዩ ሰርቨር አንዱን አይመርጥም፤ «ፐርም ኤረር» (ቋሚ ስህተት) ብሎ ሁለቱንም ይጥላል። የሁለተኛውን «ኢንክሉድ» (include፣ የሌላ አገልግሎት ሰርቨሮችን የሚጨምረውን ክፍል) ቀድታችሁ በመጀመሪያው ውስጥ ከ«ኦል» (all፣ የመዝገቡ መዝጊያ) በፊት አስገቡት፣ ከዚያ ሁለተኛውን አጥፉ። ከ«ኦል» በኋላ የተጻፈ አይነበብም። ኢንክሉዶቹ በውስጣቸው የሚጠሩትም ተቆጥሮ የዲኤንኤስ ፍለጋው ከ10 ማለፍ የለበትም፤ የማትጠቀሙበትን አገልግሎት ያለ ርኅራኄ አውጡት።

ዲኪም (DKIM፣ ኢሜይሉ ከዶሜይናችሁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ) ላይ የመዝገቡን ስም ልብ በሉ። ብዙ ፓነሎች ዶሜይኑን ራሳቸው ስለሚቀጥሉ ሙሉውን ስም ከለጠፋችሁ ዶሜይኑ ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ፊርማው የሚረጋገጥበት ቁልፍም አይገኝም። እስከ «ዶሜይንኪ» (_domainkey) ያለውን ብቻ ጻፉ። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ደግሞ ከ255 ፊደል ስለሚበልጥ አንዳንዱ ፓነል ጫፉን ይቆርጠዋል። እዚያው መዝገብ ውስጥ በሁለት ጥንድ ትእምርተ ጥቅስ ክፈሉት እንጂ ሁለት መዝገብ አታድርጉት።

ዲማርክ (DMARC፣ ማረጋገጫውን ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ የሚነግር መዝገብ) ገና ከሌላችሁ ፖሊሲውን «ነን» (none፣ ምንም እርምጃ አይወሰድ) አድርጋችሁ ጀምሩ።

መዝገቦቹን አርማችሁ ስትጨርሱ የድሮው ቲቲኤል (TTL፣ የቀድሞው መዝገብ በሌሎች ሰርቨሮች ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ በሰከንድ) እስኪያልፍ ጠብቁ፤ 3600 ከሆነ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ ጂሜይል አንድ መልእክት ላኩና «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ክፈቱ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም «ፓስ» (አልፏል) ማለት አለባቸው። ምንም ካልተለወጠ ኔምሰርቨሩ (የዶሜይናችሁን መዝገቦች ለሌሎች የሚያቀርበው ሰርቨር) ሌላ ድርጅት ዘንድ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ መዝገቡን እዚያ አርሙት።