ዕቅዳችሁን ከጨዋታ መሪው አትደብቁ

ደሴ ላይ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (መሪው ዓለሙን እየተረከ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው በንግግር የሚጫወቱት ጨዋታ) የሚጫወቱ ልጆች መሪያቸው እንዳይሰማ ደጅ ወጥተው ሲንሾካሾኩ ማየት ያንገበግባል። ዕቅዱ ብዙ ጊዜ ሸጋ ነው፤ የሚያበላሸው መደበቁ ነው።

ትልቁ ስህተት መሪውን ጠላት ማድረግ ነው። ጠላቶቻችሁ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች ናቸው። መሪው ያላወቀው ነገር ግን በጨዋታው ዓለም ውስጥ ጭራሽ የለም። እንበል ታሪኩ የሚካሄደው አምባሰል፣ ግሸን አምባ ላይ፣ የነገሥታት ልጆች እዚያ ይታሰሩ በነበረበት ዘመን ነው። ቡድኑ አንዱን ልዑል በሌሊት በገደሉ በኩል በገመድ ሊያወርድ ይመክራል፤ ለመሪው ግን ትንፍሽ አይልም። መሪው ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጅ የከረመው በሩንና የበሩን ጠባቂዎች ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሰው "ስንት ሜትር ነው?" ሲሉት እዚያው መልስ ሊፈጥር ነው። 60 ሜትር ካለ አለቀ፤ አንድ ጥቅል ገመድ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለቋጠሮ የሚሄደው ሳይቆጠር 4 ጥቅል ይፈልጋል። የያዙት 2 ነው። ቀድመው ቢነግሩት "ገደሉን ከታች አይታችሁታል፣ 2 ጥቅል አይደርስም" ይላቸው ነበር። ገጸ ባሕርያቱ በዓይናቸው የሚያዩትን ተጫዋቹ የሚሰማው ከመሪው አፍ ብቻ ነው።

ሕጉን በልባችሁ ተርጉማችሁ ዕቅድ አትሥሩበት። "ዝምታ" የተባለውን ድግምት ይዘው በጠባቂ መሃል ሊያልፉ የሚያስቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ 5ኛ እትም ድግምቱ የሚያርፈው ቦታ ላይ ነው፤ ዙሪያውን 20 ጫማ ያፍናል፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ አብሯችሁ ግን አይራመድም። በቀድሞው 3.5 እትም ሰው ላይ ማሳረፍ ይቻል ነበር። በውስጡ ደግሞ በቃል የሚደገም ድግምት አይሠራም፤ የራሳችሁ ደጋሚም አብሮ ይታፈናል።

ዓላማችሁን ደብቃችሁ ጥያቄ አትቆራርጡ። ጎተራ ልታቃጥሉ አስባችሁ "ትናንት ዘንቦ ነበር?" ብትሉት፣ ምን እንደፈለጋችሁ የማያውቅ ሰው "አዎ" ይላል። እሳቱ ሳይለኮስ ጠፋ።

መሪው የሌለበት የቴሌግራም ግሩፕ፦ ዝጉት።

"ገመዱን እኮ ባለፈው ገበያ ገዝተነዋል" አይሠራም፤ የገጸ ባሕርያችሁ ንብረት በሚመዘገብበት ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ዕቃ አልተገዛም።

መንገሩ ከባድ አይደለም፣ አብሽሩ። አቦል ሲቀዳ ሦስት ነገር ንገሩት፦ የምትፈልጉትን፣ መንገዱን፣ ከከሸፈ መውጫችሁን። በረካው እስኪደርስ ካርታውን ያስተካክላል። አንዱ ተጫዋች ሌሎቹን ሊከዳ ካሰበ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለመሪው ብቻ ይስጥ።

የነገሩትን ሰምቶ ጠባቂውን ሁሉ ገደሉ ላይ የሚያሰልፍ መሪም አለ። ያኔ ጨዋታውን አቁማችሁ "ጠባቂዎቹ በምን አወቁ?" በሉት። ገመድ ስትገዙ ያያችሁ ነጋዴ ነግሯቸው ከሆነ ተቀበሉት። መልስ ካጣ ጠባቂዎቹን ወደ በራቸው ይመልስ።