ለውጭ አገር ባለሙያ ሲከፍሉ ግብሩ እንዴት ይቀነሳል? እንዴትስ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ይሳወቃል?

አዳማ ላይ የዱቄት ወይም የፓስታ ፋብሪካ ያለው ሰው ማሽን ከቱርክ ቢያስመጣ፣ ብዙ ጊዜ ተክሎ የሚያስረክበውም ባለሙያ ከዚያው ይመጣል። የማሽኑ ቀረጥና ታክስ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ያልቃል። ለተከላው የሚከፈለው ገንዘብ ግን በጉምሩክ አያልፍም፤ ግብሩን ቀንሶ የማስገባት ኃላፊነት ያለበት ከፋዩ ነው። ካልቀነሰ ከኪሱ ይከፍላል፤ ወደ አገሩ የተመለሰን ባለሙያ ደግሞ ማን አሳድዶ ይቀበለዋል?

ሥራው የሚጀምረው ውል ሳይፈረም ነው። ሻጩ የማሽኑን ዋጋና የተከላውን ክፍያ በአንድ መስመር ጠቅልሎ ኢንቮይስ ከላከ መልሱለትና ለየብቻ ይጻፍ። ዕቃ የተገዛበት ገንዘብ በዚህ ግብር አይነካም። ተከላ፣ ሥልጠና፣ ዲዛይንና ምክር ግን የቴክኒክ አገልግሎት ናቸው። ባለሙያው አዳማን ሳይረግጥ ከኢስታንቡል ሆኖ በኢንተርኔት ቢሠራውም ከፋዩ ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ ስለሆነ ግብሩ አይቀርም። ተደባልቆ የመጣ ኢንቮይስ በኦዲት ጊዜ የሚያመጣው ጭቅጭቅ ማለቂያ የለውም።

ቀጥሎ ምጣኔው ይታያል። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነዋሪ ላልሆነ ሰው በሚከፈል የቴክኒክና የሥራ አመራር ክፍያ ላይ 15 በመቶ፣ በሮያሊቲ (ለፈጠራ ወይም ለንግድ ምልክት መጠቀሚያ በሚከፈል ገንዘብ) ላይ 5 በመቶ ጥሏል፤ የሚሰላውም ወጪ ሳይቀነስ በጠቅላላው ክፍያ ላይ ነው። አዋጁ በ1395/2017 ስለተሻሻለ ሁለቱን አብረው ያንብቡ። ኢትዮጵያ ከቱርክ፣ ከህንድ፣ ከቻይናና ከሌሎችም አገሮች ጋር ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት አላት። በስምምነቱ ለመጠቀም ግን ባለሙያው የአገሩ ግብር መሥሪያ ቤት የሰጠውን የነዋሪነት ማስረጃ ማምጣት አለበት፤ ይህን ከክፍያው በፊት ይጠይቁት። ሥራው በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ከዘለቀ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ባለሙያው ኢትዮጵያ ውስጥ በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት እንዳለው ስለሚቆጠር የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። ባለሙያው «10,000 ዶላር ተጣርቶ እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ፤ የአገራችሁ ግብር አይመለከተኝም» ይላል እንበል። አብዛኛው ሰው 15 በመቶ ጨምሮ 11,500 ያደርገዋል። ከ11,500 ላይ 15 በመቶ ሲነሳ ግን 9,775 ነው የሚቀረው። ትክክለኛው 10,000ን ለ0.85 ማካፈል ነው፦ ጠቅላላው 11,764.71፣ ግብሩ 1,764.71፣ ለባለሙያው የሚደርሰው 10,000 ዶላር ይሆናል። ግብሩን ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ዝም ያለ ውል ሁልጊዜ ጠብ ያመጣል።

ከዚያ ማሳወቁ ይከተላል። ዶላሩ በዕለቱ የብሔራዊ ባንክ ምንዛሪ ወደ ብር ይለወጣል። ክፍያው ከተፈጸመበት ወር ማብቂያ ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ በኢ-ታክስ (በገቢዎች የኢንተርኔት ማሳወቂያ) ወይም ፋይልዎ ባለበት የገቢዎች ቅርንጫፍ ያሳውቁና ግብሩን ያስገቡ። ወሩ የእኛ ወር መሆኑን አይርሱ። በፈረንጆች ጁላይ 5 ቀን 2025 የተከፈለ ገንዘብ በእኛ ሰኔ 28 ቀን 2017 ነው፤ ስለዚህ «ጁላይ ነው» ተብሎ ወደ ሐምሌ፣ ወደ አዲሱ በጀት ዓመት መሻገር የለበትም።

ተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ከውጭ በተገዛ አገልግሎት ላይ 15 በመቶውን አስልቶ የሚያሳውቀው አገልግሎቱን የገዛው ነው። ተመዝጋቢ ከሆኑ፣ ታክሱ ለሚታከልበት ሥራዎ የዋለውን እንደ ግብዓት ታክስ (ለሥራዎ በገዙት ነገር ላይ እንደከፈሉት ታክስ) ያቀናንሱታል። ይህን ከቀደመው 15 በመቶ ጋር አያምታቱት፤ ቁጥሩ ቢመሳሰልም ሁለት የተለያዩ ግብሮች ናቸው።

ባንኩ ገንዘቡን ወደ ውጭ ሲልክ ውሉን፣ ኢንቮይሱንና ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ ይጠይቃል። የተቀነሰበትንም ደረሰኝ ቅጂ ለባለሙያው ይላኩለት፤ አገሩ ላይ ግብሩን ሲያሳውቅ እዚህ የከፈለውን እንዲያቀናንሱለት የሚያቀርበው እሱን ነው።