ፈረስ ሲያነክስ፦ የመገጣጠሚያ መርፌ የትኛው ለየትኛው?

ከወረኢሉ ደጋ እስከ ኮምቦልቻ አስፋልት፣ ፈረሱ ያነከሰበት ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው መርፌ ነው። መርፌ አለ፤ ሕመሙ ያለበት ቦታ ሳይታወቅ ግን አይወጋም።

በድንገት እግሩን መሬት ማስነካት እምቢ ካለና ሰኮናው ከሞቀ
አብዛኛውን ጊዜ ሰኮና ውስጥ የቋጠረ መግል ወይም የወጋ ሚስማር ነው። ሐኪም ከፍቶ ያፍስሰው። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መከላከያም ይጠየቅ፤ ፈረስን ይህ በሽታ በቀላሉ ይገድለዋል።

በእግሩ ላይ እባጮች በመስመር ከተደረደሩ
ወይና ደጋ ከተሞች ውስጥ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ፣ ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይተስ፣ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያም ያሳብጣል። እዚህ ላይ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) መውጋት የሰውነቱን መከላከያ አዳክሞ በሽታውን ማባባስ ነው። ፈረሱ ይለይ፣ ዕቃውም ለሌላ አይዋል።

ጠዋት ደርቆ ተነስቶ ሲሄድ የሚፍታታ፣ ሸክም ሲበዛ የሚብስበት ከሆነ
የመገጣጠሚያው ልም አጥንት (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) እየተበላ ነው፤ መርፌ የሚታሰበው ለዚህ ነው። ሐኪሙ በማደንዘዣ እየፈተነ ቦታውን ይለያል፤ የደነዘዘው መገጣጠሚያ ማንከሱን ካስቀረ ተገኘ ማለት ነው።

ስቴሮይድ ብግነቱን በቀናት ውስጥ ያበርዳል፤ ከሌሎቹም ይረክሳል። ብዙ ለሚንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች ትራያምሲኖሎን የሚባለው ስቴሮይድ ይመረጣል። ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለው ሌላው ስቴሮይድ ልም አጥንቱን ስለሚጎዳ፣ እንቅስቃሴያቸው አነስተኛ ለሆነው የኋላ እግር ማጠፊያ ታችኛ ክፍሎች ነው የሚቀረው። ቀደም ሲል የሰኮና ብግነት ይዞት የሚያውቅ ወይም በጣም የወፈረ ፈረስ ስቴሮይድ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

ሃያሉሮኒክ አሲድ የመገጣጠሚያውን ፈሳሽ ያግዛል፤ ለብቻው ጉልበቱ ለስለስ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከስቴሮይድ ጋር ይሰጣል። ፒአርፒ የሚባለው ከፈረሱ ከራሱ ደም የሚጣራ ነው፤ ደሙን የሚያሽከረክር መሣሪያና ንጹሕ ክፍል ስለሚፈልግ ለገጠር አይቀርብም። በእኔ እምነት ለኛ ባለጋሪ ሚዛን የሚደፋው በትክክል የተወጋ ትራያምሲኖሎን ነው፤ ዕረፍት ካገኘ ብቻ። ሕመሙ ጠፋ ተብሎ በማግስቱ ጋሪ ላይ የሚታሰር ፈረስ የቀረውን ልም አጥንትም ይጨርሳል።

ከተወጋ በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ፣ ሞቆ፣ ማንከሱ ከበፊቱ ከባሰ
መገጣጠሚያው በመድኃኒቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጀርም ገብቶ ከሆነ ግን ፈረሱ ሊያልቅ ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት ስለማይቻል ሳይታደር ወደ ሐኪም። የሚወጋው ቦታ ፀጉር ሳይታጠብ፣ ገበያ ዳር ቆሞ መገጣጠሚያ የሚወጋን ሰው ፈረሳችሁን አታስነኩት።