«እኛ ዘር ውስጥ የለም» እና ሌሎች የጡት ካንሰር ስህተቶች

አክስቴ ጡቷ ላይ የነበረውን እብጠት ስምንት ወር ሙሉ ይዛው የዞረችው «እኛ ዘር ውስጥ እንዲህ አይነት ነገር የለም» ብላ ነው። ዋናው ስህተት እሱ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። በቀጥታ ከቤተሰብ በሚወረስ የጂን ለውጥ የሚመጣው ከ100 ታማሚ 5 እስከ 10 ያህሉ ላይ ነው፣ ከሌላው አብዛኛው ዘሩ «ንጹህ» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግማሽ ያህሎቹ ሴት ከመሆናቸውና እድሜያቸው ከ40 ከማለፉ በቀር ይሄ ነው የሚባል ተጋላጭነት እንኳን የላቸውም።

ዘር ስንቆጥር ደግሞ በእናት በኩል ብቻ እንቆጥራለን። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ጂኖች ላይ ያለው ለውጥ ከአባትም እኩል ይወረሳል፣ ስለዚህ የአባታችሁ እህትና እናትም ይቆጠራሉ። የኛ ሀገር ችግር ሰው በምን እንደሞተ አይነገርም እኮ፣ «ውስጥ ውስጡን ታማ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ እንኳን ጡት ወይ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነው ሊባል። እስቲ ቡና ላይ ትልልቆቹን ጠይቋቸው፣ ማን ታመመ፣ በስንት አመቷ? ከ50 በፊት የታመመች ካለች ለሀኪም ንገሩ።

«እኔ ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው»፣ «ጠጅ እኮ የማር ነው»። ለጡት ግን ቢራም ጠጅም አረቄም ወይን ጠጅም ያው አልኮል ነው፣ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣው ነገርም ዲኤንኤ ይጎዳል። በቀን አንድ መጠጥ ብቻ እንኳን ተጋላጭነትን ከ7 እስከ 10 ፐርሰንት ይጨምራል (ይሄ ማለት ከ100 ሰው 10 ሰው ይታመማል ማለት አይደለም፣ ድሮ በነበራችሁ ላይ የሚጨመር ነው)። ብትቀንሱ ይሻላል፣ ብትተዉት ደግሞ የበለጠ።

ውፍረትን እንደ ምቾት ማየትም አለ፣ «ተመችቷት ነው» ይባላል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ግን ኢስትሮጅን በዋናነት የሚመረተው ስብ ውስጥ ስለሆነ ካረጡ በኋላ መወፈር ተጋላጭነቱን ይጨምራል። በተለይ ውጭ ሀገር መኪና ውስጥና ወንበር ላይ የምትውሉ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጂም አይፈልግም።

ጡት ማጥባት ይጠቅማል፣ ያጠባችሁበት እያንዳንዱ አመት ተጋላጭነቱን 4 ፐርሰንት ያህል ይቀንሳል። ግን ክትባት አይደለም፣ ሶስት ልጅ አጥብተውም የታመሙ አሉ። ከዚህ የባሰው የምታጠባ ሴት እብጠት ሲወጣባት «ወተት ቋጥሮ ነው» ተብሎ በቃ መቅረቱ ነው፣ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ትታይ።

ጡት ማስያዣ፣ ዲኦዶራንት፣ ሞባይል ምናምን... ካንሰር እንደሚያመጡ ማስረጃ የለም፣ እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

የወሊድ መከላከያ ሆርሞን ተጋላጭነቱን በትንሹ ይጨምራል፣ ስታቆሙት ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ፈርታችሁ በራሳችሁ ከማቆም ሀኪም አማክሩ፣ ያልታሰበ እርግዝናም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ወንዶችም ይይዛቸዋል፣ ብርቅ ነው ግን አለ፣ ወንድ ጡቱ ላይ እብጠት ካየ ማፈሩን ትቶ ይታይ።

«አላመመኝም እኮ» እና «ገና ልጅ ነኝ» የሚሉት ሁለቱ ናቸው ሰው የሚያስረፍዱት። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው እብጠት አያምም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ታማሚዎች ከ50 አመት በታች ናቸው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል ማሞግራም (የጡት ራጅ) ላይ እብጠቱ ሊደበቅ ይችላል፣ ለዛ ነው ሀኪሙ አልትራሳውንድ የሚያዘው፣ ገንዘብ ሊበላችሁ ብሎ አይደለም።

የመጨረሻው «ከተነካካ ይሰራጫል» የሚባለው ነው። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያሰራጨውም፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ደግሞ ህክምና አይጀመርም። ጸበሉንም ጠጡ ናሙናውንም ስጡ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አክስቴን ስምንት ወር ያስቆያት ከዘሩም በላይ ይሄ ፍርሃት ነበር፣ መርፌው ግን ደቂቃም አልፈጀም፣ ስትወጣ ነጠላዋን እያስተካከለች «ይሄ ነው እንዴ?» አለችኝ።