አርባ ምንጭ፣ ዶርዜ፣ ኮንሶ፦ አዞ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ

አርባ ምንጭ ደርሶ የመጣ ሰው ስልኩን ከፍቶ የሚያሳያችሁ ፎቶ ሁሌም አንድ ነው። አዞ። አዞውን አትዩ አላልኩም፣ እዩት። ግን አዞ አይቶ፣ አሳ በልቶ፣ በማግስቱ መመለስ ያን ሁሉ መንገድ ለግማሽ ጉብኝት መሄድ ነው። የዚህ አገር ነገሩ ከፍታው ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ሙቀቱ ያቀልጣችኋል፣ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሄዱ ጨንቻ ላይ ጋቢ ትፈልጋላችሁ። ምግቡም፣ ቤቱም፣ የሰዉ ሥራም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ጉዞውን ስታቅዱ ቆላውንና ደጋውን ለይታችሁ ቀን መድቡላቸው።

መጀመሪያ ወቅቱ። አዲስ አበባ ላይ ክረምት ከሆነ አገሩ ሁሉ ዝናብ ይመስለናል። አርባ ምንጭ አካባቢ ግን ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ከዚያ ደግሞ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ይመለሳል። እኛ ሐምሌና ነሐሴን ጃንጥላ ይዘን ስንንከራተት እዚያ ቆላው ቀለል ይላል። ጨንቻ ግን ያኔም በጉም ተሸፍና ልትጠብቃችሁ ትችላለች። አስተማማኙ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ይከብዳል፣ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ።

መስቀል ለብቻው ይታይ። ለጋሞ ሕዝብ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፣ ዮ ማስቃላ ይሉታል። ሽሮ ሜዳና ሌላም ቦታ ሸማ ሲሠራ የከረመው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ጭፈራውንና ዘፈኑን ማየት ለፈለገ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከጋሞ ወገን የሆኑት የዶርዜዎች ዘፈን አንዱ አንድ ድምፅ፣ ሌላው ሌላ ድምፅ ይዞ የሚነባበር ስለሆነ በአካል ቆሞ መስማት ሌላ ነው። ችግሩ ትራንስፖርቱና አልጋው ነው። ቀደም ብላችሁ ካልያዛችሁ መንገድ ላይ ነው የምታከብሩት።

ከአዲስ አበባ በመኪና ስትሄዱ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩልም ሆነ በሻሸመኔ በኩል ወላይታ ሶዶ ላይ ትገናኛላችሁ። ሁለቱም የሙሉ ቀን መንገድ ናቸው፣ ንጋት ላይ ውጡ። የጸጥታውንም የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ፣ ያለፈው ዓመት ወሬ አይሠራም። ሶዶ ላይ ምሳ ብሉ። ሥጋ የምትወዱ ጥሬውን በዳጣ ሞክሩት፣ ዳጣው ግን እንደ ሚጥሚጣ የሚነሰነስ ሳይሆን እርጥብና ኃይለኛ ስለሆነ ቀስ በሉ። ከሶዶ በኋላ ወደ ቆላው ትወርዱና ምዕራብ አባያ ላይ መንገዱ ሁሉ ሙዝና ማንጎ ይሆናል። ሙዙን እዚያው ቅመሱት፣ ለቤት የምትወስዱትን ግን ስትመለሱ ግዙ። በአውሮፕላን የሚሄድ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚበርረው። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣችሁ ደግሞ ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁም ያዙት፣ መግቢያ ክፍያ ላይ የአገር ልጅና የውጭ ዜጋ ዋጋ ይለያያል።

ከተማዋ ሁለት ናት ብትሉ ይቀላል። ሲቀላ ታች ነው፣ ገበያውና ግርግሩ ያለበት። ሸቻ ላይ ነው፣ ነፋሻና ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል የሚያሳይ። በመሃላቸው ባጃጅ ይመላለሳል። የእኔ ምርጫ ሸቻ ነው፣ ውድ ቢሆንም። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ቡና ይዞ ለሚቀመጥ ሰው በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመሃል ደግሞ ሁለቱን የሚለየው የእግዜር ድልድይ ይታያል። አባያ በጎርፍ በሚገባው ቀይ አፈር የተነሳ ሻይ በወተት ይመስላል። ጫሞ ሰማያዊ ነው። የአልጋ ክፍል ስትይዙ አጎበር መኖሩን ዓይታችሁ ያዙ፣ ቀዳዳውንም ጭምር። ወባ አለ፣ ቀልድ አይደለም። ማታ እጅጌ ረጅም ልበሱ፣ ልጆችንም ቅባቱን ቀቧቸው።

የመጀመሪያው ጠዋት የጫሞ ነው። ብዙ ሰው ከምሳ በኋላ ይሄዳል፣ ከሰዓት ግን ነፋሱ ይነሳና ጀልባዋ ትናወጣለች። አዞዎቹም ፀሐይ ለመሞቅ ዳር የሚወጡት ጠዋት ስለሆነ 2 ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ብትገኙ ጥሩ ነው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በጀልባ እንጂ በሰው አይቆረጥም፣ ስለዚህ ብቻችሁን ወይም ሁለት ከሆናችሁ ሌላ ቡድን ጠብቃችሁ ተቀላቀሉ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይሰጧችሁ አትነሱ፣ ከሰጧችሁ ደግሞ ልበሱት እንጂ አትቀመጡበት። የአዞ ገበያ የሚሉት ቦታ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው የሚሰለፉበት ነው። አምስት ሜትር የሚያልፉ አሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ጀልባ ነጂዎቹ የሚፈሩት ከአዞው ይልቅ ጉማሬውን ነው። ጠጋ በል እያላችሁ ነጂውን አትገፋፉት፣ ገንዘብ ጨምረንልህም አትበሉት።

ከሐይቁ ስትመለሱ አሳ ነው። ጥብሱ፣ ዱለቱ፣ ኮተሌቱ፣ ሁሉም አለ። ቆሮሶ እሾህ ይበዛበታል ግን ጣዕሙ እሱ ጋ ነው። እሾህ የማትወዱ ነጭ አሳ በሉ። ጎን ለጎን ዳጣ ይምጣላችሁ። ሽፈራውም ጠይቁ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተሠርቶ ይቀርባል። በዚህ አገር በየጓሮው ያለ ዛፍ ነው።

ከሰዓቱን ምንጮቹ ያሉበት ደን ውስጥ አሳልፉት። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከላይ ፀሐይ እየጠበሰ ታች ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ትልልቅ ሾላዎች አሉ፣ ጉሬዛም ታያላችሁ። ዝንጀሮዎቹ ግን ፌስታል ያውቃሉ። ሙዝ ይዛችሁ አትግቡ።

ነጭ ሣር ፓርክን በተመለከተ ፎር ዊል ድራይቭ ከሌላችሁ እርሱት። የእግዜር ድልድይን አቋርጦ ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ይብሳል። መኪናው ካለ ግን ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ ጠዋት በጊዜ ግቡ። በነጩ ሣር ላይ የሜዳ አህያ መንጋ ማየት ድካሙን ይክሳል። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው ፓርክ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ዋናው ሐሳብ ቆርኬ የሚባለውን የዱር እንስሳ መጠበቅ ነበር። አሁን ቆርኬ አያለሁ ብላችሁ ግን አትሂዱ። ወፍ ወዳዶች ደግሞ አንድ ታሪክ አላቸው፦ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚህ መንገድ ላይ ሞታ ካገኟት ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ አተረፉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ዓለም ላይ የማትታወቅ ዝርያ ናት ተብላ በዚያች ክንፍ ብቻ ስም ወጣላት።

ሁለተኛው ቀን ወደ ላይ ነው። ጃኬት ያዙ። ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ሆዳችሁ የሚረበሽ ከሆነ ቁርስ አታብዙ። መታጠፊያው ላይ ልጆች ከመኪናው ፊት እየጨፈሩና እየተገለባበጡ ይጠብቋችኋል። በመስኮት ብር አትወርውሩ። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፣ ዕይታ የማይሰጥ ኩርባ ላይ ልጅ መኪና ፊት የሚሮጠው የሚወረወር ብር ስላለ ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ መንደሩ ደርሳችሁ የሆነ ነገር ግዙ።

ዶርዜ ሀይዞ ላይ ቤቶቹን ተረጋግታችሁ እዩ። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የተሠራ ቤት ሲታነጽ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፣ ፊቱ ደግሞ ዝሆን ይመስላል፣ ኩንቢውም ጆሮውም አለው። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ይቆርጡታል፣ ቤቱም በየዓመቱ ያጥራል። ስለዚህ ቁመቱን አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ይሄዳሉ። ግቡ ሲሏችሁ ግቡ። ከብቶቹ በአንድ ወገን ናቸው፣ በሙቀታቸው ቤቱን ያሞቁታል፣ እሳቱ መሃል ላይ ነው። አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ጎጆ ጠይቁ፣ አዲስ ተጋቢዎች መጀመሪያ የሚቆዩባት ናት።

እንሰት ሲፋቅ እያያችሁ ቆጮው ሲጋገር ጠብቁ። በማርና በዳጣ ይቀርባል። ሁለቱን አንድ ላይ ስትሞክሩ ነው የሚገባችሁ። አረቄውን ከፍታው ላይ ስላላችሁ በልክ።

ሸማ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ዱንጉዛ የጋሞ መለያ ነው። የእጅ ሥራውን ከፋብሪካው ለመለየት ጨርቁን ብርሃን ላይ ያዙትና ገልብጡት፣ የእጅ ክር ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ሰውየው ስንት ቀን እንደፈጀበት ጠይቃችሁ ተከራከሩ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ሽማግሌ ከሆኑ ደግሞ ቆማችሁ ሰላምታ ስጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ክብር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በመስከረም 2011 የበቀል ቁጣ አርባ ምንጭ ላይ ሲነሳ እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት የተንበረከኩትና ያስቆሙት እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ቀን ኮንሶ። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የመዘገበው አንድ ሕንፃ ሳይሆን መላ መልክዓ ምድሩን ነው፦ ተራራውን ከላይ እስከ ታች የከረከመውን የድንጋይ እርከንና በካብ የታጠሩትን መንደሮች። ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ የደከመበት ነው። ካራት ከተማ ላይ መጀመሪያ አስጎብኚ ያዙ፣ ያለ አካባቢው ሰው መንደር መግባት ነውር ነው፣ ደግሞም ምንም አይገባችሁም። ሞራ የሚሉት አደባባይ ላይ የቆሙትን ግንዶች ቁጠሩ። በየ18 ዓመቱ አንድ ስለሚጨመር መንደሩ ስንት ዘመን እንደኖረ ይነግራችኋል። እዚያው የጎረምሳ ድንጋይ አለ፣ ለማግባት የደረሰ አንስቶ በጭንቅላቱ ላይ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ጓደኛችሁ ልሞክር ካለ ስለ ወገቡ አስጠንቅቁት።

ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች ለጀግና የሚቆሙ ናቸው። ብዙዎቹ ተሰርቀዋል፣ ስለዚህ በመንገድ ዳር አሮጌ ነው ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ አትግዙ። የእነሱን ስብስብ ካራት ያለው ሙዚየም ውስጥ ታገኛላችሁ። ወደ ማታ ገሰርጊዮ ሂዱ፣ ጎርፍ የቆረጠው አሸዋማ ገደል እንደ ፎቅ ቆሞ ስለሚታይ ኒውዮርክ ይሉታል። ቼቃ ከቀረበላችሁ ቅመሱ። የማሽላ ጠላ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ያጠግባል፣ ያሰክራልም።

ቀን የተረፋችሁ ከኮንሶ ወደ ጂንካ መንገዱን ቀጥሉና ሐሙስ ቀን ቀይ አፈር ገበያ ላይ ለመድረስ አስሉት። ሌሎቻችሁ የመመለሻ ትኬታችሁን በዋዜማው ቁረጡ፣ ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ አገኛለሁ ማለት ዕድል መሞከር ነው። ሙዙንም ምዕራብ አባያ ላይ ግዙ፣ ጥሬውን ምረጡ፣ የበሰለው አዲስ አበባ ሳይደርስ ይጠቁራል።